የብርሃኑ መዝሙር ደራሲ፤ የሐንክ ዊሊያምስ ሕይወት (1923 - 1953)

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል የብርሃን በዓል ነው። መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች በሌሊት ብርሃን የበራላቸው፣ ሰብአ ሰገልም በኮከብ እየተመሩ ከሩቅ አገር የመጡት በዚህ ልደት ምክንያት ነው። እኛም በዚህ የበዓል ገጽ ስለ ብርሃን መዝሙር ስለ ደረሰ አንድ አሜሪካዊ የገጠር ዘፋኝ ለአንባብያን ልናወጋ ወደናል። ይህ ሰው ሐንክ ዊሊያምስ ይባላል። መዝሙሩ በየቤተ ጸሎቱና በየራዲዮው ሲናኝ፣ እርሱ ግን ገና በ29 ዓመቱ በሌሊት መንገድ ላይ ሳለ ሕይወቱ አልፋለች። ታሪኩን የምንተርከው አርአያ አድርገን ልናቀርበው አስበን አይደለም። ሕይወቱ፣ ለብዙዎች መጽናኛ የሆነ ስጦታ ባለቤቱን ሳያጽናና ሊቀር ይችላልን? የሚል ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው።

በቅድሚያ ስለ ዘፈኑ ዓይነት ጥቂት እንበል። በአሜሪካ «ካንትሪ» በመባል የሚታወቀው የገጠር ዘፈን፣ ከብሪታንያና ከአየርላንድ የፈለሱ ሰዎች ይዘውት ከመጡት የትረካ ዜማ፣ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱት ወገኖች ልጆች ከፈጠሩት ብሉዝና በየመንደሩ ቤተ ጸሎት ከሚዘመረው መዝሙር ተዋሕዶ የበቀለ ነው። ገበሬው፣ የባቡር ሠራተኛውና የፋብሪካው ወዛደር ድካሙንና ናፍቆቱን የሚገልጽበት ዜማ ስለሆነ ቃላቱ ቀላል፣ ሐዘኑ ግን ጥልቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም እናስታውሳለን።

ትውልድና አስተዳደግ

ሐንክ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1923 በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ማውንት ኦሊቭ በተባለች የገጠር መንደር ነው። የመንደሪቱ ስም በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም ደብረ ዘይት ማለት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሐይረም ሲሆን፣ ይኸውም ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የዝግባ እንጨት የላከው የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ስም ነው። አባቱ ሎን ዊሊያምስ የሚተዳደሩትም ከእንጨት ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ፣ ማለትም ግንድ በሚያመላልስ ኩባንያ ባቡር ላይ በመሥራት ነበር።

ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ የጀርባ አጥንቱ በሚገባ ያልተገጠመ በመሆኑ፣ ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልተለየውም። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ሰው ነበሩ፤ በ1930 ታመው የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ሲገቡ ልጃቸው ገና 6 ዓመቱ ነበር። ለ8 ዓመታት ያህልም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሐንክንና እኅቱን የማሳደጉ ሸክም ስለዚህ በእናቱ በሊሊ ትከሻ ላይ ወደቀ። እኒህ ጠንካራ ሴት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ፣ ለእንግዶች ማደሪያና ምግብ የሚያቀርብ ቤት እየከፈቱ፣ በዚያ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ልጆቻቸውን ሳያስርቡ አሳደጉ።

እናቱ በመንደራቸው የባፕቲስቶች ቤተ ጸሎት ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ትንሹ ሐንክም በዚያው አግዳሚ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ መዝሙሩን እያዳመጠ አደገ። በኋላ በዘፈኖቹ ሁሉ ውስጥ የሚሰማው የመዝሙር ቃና ከዚህ የተገኘ ነው።

የጎዳናው መምህር

ሐንክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ የሙዚቃ ምልክቶችንም ማንበብ አያውቅም ነበር። መምህሩ ሩፈስ ፔይን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የጎዳና ጊታር ተጫዋች ነበሩ። ፔይን በግሪንቪልና በጆርጂያና ከተሞች ጎዳናዎች ላይ እየተጫወቱ ከመንገደኛ በሚያገኙት ሳንቲም ይተዳደሩ ነበር። ልጁ እግር በእግር እየተከተላቸው ጊታር አያያዙን፣ የብሉዝን ስልትና በሕዝብ ፊት የመቆምን ብልሃት ከእርሳቸው ቀሰመ። ለትምህርቱም አንዳንዴ ጥቂት ሳንቲም፣ አንዳንዴ ደግሞ እናቱ ያዘጋጁት ምግብ ይከፈላቸው ነበር።

በዚያን ዘመን በአላባማ ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማር፣ በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ ሕግ ይከለክል ነበር። ሕጉ የለየውን ሙዚቃ አገናኘው። ሆኖም ፔይን የደቀ መዝሙራቸውን ዝና ለማየት አልታደሉም፤ በ1939 በሞንትጎመሪ ከተማ በድህነት ሞቱ። መቃብራቸውም ለረጅም ዘመን ምልክት ሳይደረግበት ኖረ። ሐንክ ግን ዝነኛ ከሆነ በኋላ ሙዚቃን ያስተማሩት እርሳቸው መሆናቸውን ከመናገር አልቦዘነም።

ራዲዮ፣ ጋብቻና መጠጥ

ቤተሰቡ በ1937 ወደ ሞንትጎመሪ ተዛወረ። በዚያም ወጣቱ በአንድ የተውኔት አዳራሽ በተደረገ የጀማሪዎች ውድድር ራሱ በደረሰው ዘፈን 15 ዶላር አሸነፈ። ስሙንም ሐይረም ከማለት ይልቅ ለገጠር ዘፋኝ ይስማማል ብሎ ባሰበው ሐንክ በሚለው ለወጠ። ብዙም ሳይቆይ በከተማይቱ ራዲዮ ጣቢያ የራሱን ዝግጅት ማቅረብ ጀመረ፤ «ተንከራታች ላም ጠባቂዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠውን ቡድንም አቋቋመ። እናቱ መኪና እየነዱ፣ በር ላይ ቆመው የመግቢያ ገንዘብ እየተቀበሉ የልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

መጠጥ የጀመረው ገና በልጅነቱ ነበር። የጀርባው ሕመም ሲብስበት መጠጡን እንደ ማስታገሻ ወሰደው፤ ማስታገሻው ራሱ ሌላ ሕመም ሆነ። በ1942 በተደጋጋሚ ሰክሮ በመገኘቱ ከራዲዮ ጣቢያው ተሰናበተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በጀርባው ጉዳት ምክንያት ከውትድርና ስለ ቀረ፣ በሞቢል ወደብ በመርከብ መሥሪያ ውስጥ አልፎ አልፎ በጉልበት ሥራ ተቀጠረ።

በታኅሣሥ 1944 ኦድሪ ሼፐርድ የተባለችውን ወይዘሮ በአንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ በዳኛ ፊት አገባ። ኦድሪ እርሷም መዝፈን የምትመኝ፣ ባሏን ወደ ላቀ ደረጃ ለማድረስ የምትተጋ ሴት ነበረች። ትዳራቸው ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ጭቅጭቅ የበዛበት ሆነ። በመስከረም 1946 ሁለቱ ወደ ናሽቪል ከተማ ሄደው ፍሬድ ሮዝ ከተባሉ የዘፈን ደራሲና አሳታሚ ጋር ተገናኙ። ሮዝ የዚህን ቀጭን ወጣት ተሰጥኦ ወዲያውኑ ተገነዘቡ። ግጥሞቹን እያረሙ፣ ውል እያፈላለጉ፣ በመጠጡም እየገሠጹ እንደ አባት ሆኑለት። በ1947 ኤም ጂ ኤም ከተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ያዋዋሉትም እርሳቸው ናቸው።

የመዝሙሩ አወላለድ

በ1947 መጀመሪያ ላይ ሐንክና ቡድኑ ፎርት ዲፖዚት በተባለች ከተማ ተጫውተው በሌሊት ወደ ሞንትጎመሪ ይመለሱ ነበር። መኪናውን የሚነዱት እናቱ ናቸው። ሐንክ በጣም ጠጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። ወደ ከተማይቱ ሲቃረቡ የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት ከሩቅ ታየ፤ እናቱም መዳረሻቸው መቅረቡን ለማሳወቅ ብርሃኑን ማየታቸውን ለተሳፋሪዎቹ ተናገሩ። ከእንቅልፉ የነቃው ልጅ ያችን ቃል ይዞ «ብርሃኑን አየሁ» የተሰኘውን መዝሙር ደረሰ ተብሎ ይተረካል።

መዝሙሩ በኃጢአት ሲባዝን የኖረ ሰው በጌታ ብርሃን ከጨለማ መውጣቱን የሚመሰክር ነው። ዜማው ቀደም ሲል አልበርት ብረምሊ ከደረሱት አንድ መንፈሳዊ መዝሙር ጋር እንደሚቀራረብ የሙዚቃ አዋቂዎች ያስረዳሉ። በ1948 በሸክላ ሲወጣ እምብዛም ገበያ አላገኘም። ቀስ በቀስ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተሸጋገረ፣ ዛሬ በአሜሪካ ደቡብ ያሉ ምእመናን ደራሲውን እንኳ ሳያስታውሱ የሚዘምሩት መዝሙር ለመሆን በቅቷል።

ዝናና ሁለት ስም

በታኅሣሥ 1948 ሐንክ ሌሎች የደረሱትን «ላቭሲክ ብሉዝ» የተባለ አሮጌ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። ሮዝ ዘፈኑን አልወደዱትም ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደደው። በ1949 ለ16 ሳምንታት በገጠር ዘፈኖች ሰንጠረዥ የአንደኝነትን ደረጃ ይዞ ቆየ። በዚሁ ዓመት ሰኔ 11 ቀን ሐንክ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» በተባለው የአገሪቱ ታላቅ የገጠር ዘፈን የራዲዮ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። መድረኩ የነበረበት የናሽቪሉ የራይማን አዳራሽ በ1892 የተከፈተው የወንጌል መስበኪያ እንዲሆን ታስቦ ሲሆን፣ ያሠሩትም በስብከት ልባቸው የተነካ የወንዝ ጀልባዎች ባለቤት ናቸው። ሕዝቡ የጸሎት ቤት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጦ ሐንክን ደጋግሞ ወደ መድረክ አስጠራው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት «ከብቸኝነቴ የተነሣ ላለቅስ እችላለሁ»፣ «ቀዝቃዛ ልብ»፣ «ጃምባላያ» የሚል ስያሜ ወይም ትርጉም ያላቸው ዘፈኖቹ ወጡ። «ቀዝቃዛ ልብ»ን ቶኒ ቤኔት በ1951 ሲዘፍነው የሐንክ ድርሰት ከገጠር አልፎ ወደ ከተሜው ሳሎን ገባ። የሐንክ ቃላት አንድ የእርሻ ሠራተኛ ለጎረቤቱ የሚነግራቸውን ያህል ቀላል ናቸው፤ አድማጩም የራሱ ታሪክ የተነገረ ያህል ይሰማዋል።

ከ1950 ጀምሮ ደግሞ በሌላ ስም መናገር ጀመረ። ስሙም በእኛ አነጋገር ተንከራታቹ ሉቃስ የሚል ነው። በዚህ ስም ያወጣቸው ሸክላዎች በሙዚቃ ታጅበው የሚነገሩ የምክርና የርኅራኄ ትረካዎች ናቸው። በየመጠጥ ቤቱ ሳንቲም የሚጨመርበት የሸክላ ማጫወቻ ያላቸው ነጋዴዎች የዘፈን ሸክላ የገዙ መስሏቸው እንዳያዝኑ ሲባል ነበር ስሙ የተለወጠው። ከእነዚህ ትረካዎች አንዱ ሌላ ደራሲ የጻፈችው፣ በሰው ላይ ድንጋይ ከመወርወር መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። አድማጭ ሁሉ ሉቃስ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሐንክ በመጠጥ ቤት ሲወድቅ፣ ሉቃስ ለወደቁት ይማልዳል፤ ሁለቱም ግን አንድ ሰው ነበሩ።

በ1951 አንድ የዱቄት አምራች በሚከፍልበት የናሽቪል ራዲዮ ዝግጅት ላይ ሐንክ በማለዳ ለ15 ደቂቃ ይሰማ ነበር። ቤተሰብ ቁርሱን ሲያቀርብ እርሱ ይቀልዳል፣ ይዘፍናል፣ መንፈሳዊ መዝሙርም ይዘምራል። በጉዞ ላይ ሲሆን እንዲተላለፉ አስቀድመው የተቀረጹት ሸክላዎች ከዓመታት በኋላ ጣቢያው ቦታ ሲቀይር ከቆሻሻ ጋር ሊጣሉ ሲሉ በአንድ ሠራተኛ አስተዋይነት ተርፈዋል። በእነዚህ ሸክላዎች የሚሰማው ሐንክ ደስተኛ፣ ጤነኛና ትሑት ሰው ነው። ያ ደስታ ሐሰት ነበር ማለት አንችልም፤ ዕድሜው ግን አጭር ነበር።

የመጨረሻው ዓመት

በታኅሣሥ 1951 በጀርባው ላይ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። በ1952 ከኦድሪ ጋር ተፋታ፤ በ1949 ከተወለደው ወንድ ልጁም ተለየ። በነሐሴ 11 ቀን ከኦፕሪ መድረክ በስካርና ከዝግጅት በመቅረት ተባረረ። በዚሁ ጊዜ የሐሰት የሕክምና ዲፕሎማ የገዛ አንድ ሰው ራሱን ሐኪም ብሎ በመጠጋት ክሎራል ሃይድሬት የተባለውን ብርቱ የእንቅልፍ መድኃኒት ያዝለት ጀመር። መጠጥና መድኃኒት ተጨማምረው የቀረውን ጉልበቱን ጨረሱት።

በጥቅምት ወር ቢሊ ጂን የተባለች ወጣት ሲያገባ፣ ሥርዓቱ በኒው ኦርሊንስ ከተማ አዳራሽ የመግቢያ ትኬት ለገዙ በብዙ ሺሕ ለሚቆጠሩ ተመልካቾች በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንዲታይ ተደረገ። ጋብቻን ያህል ነገር ለገበያ ሲቀርብ፣ ሰውየውን የከበቡት ሰዎች ከእርሱ የሚፈልጉት ምን እንደነበረ በግልጽ ይታያል።

በዚያው ዓመት የሆነውን አንድ ነገር በኦፕሪ መድረክ ዝነኛ የነበረችው ቀልደኛ ሚኒ ፐርል በሕይወት ሳለች ትተርክ ነበር። በሳንዲዬጎ ከተማ ሐንክ መቆም እንኳ ተስኖት ነበርና፣ እንዳይጠጣ በመኪና እያዞሩ ያጫውቱት ጀመር። መንፈሱን ለማነቃቃትም የራሱን «ብርሃኑን አየሁ» አብረው መዘመር ጀመሩ። ጥቂት እንደዘመረ በድንገት አቆመና ለእርሱ ምንም ብርሃን እንደሌለ ተናገረ። በመኪናው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። ሚሊዮኖች የተጽናኑበትን መዝሙር የደረሰው ሰው፣ መዝሙሩ ለእርሱ እንደማይሠራ ደመደመ።

ሆኖም ተሰጥኦው አልተለየውም ነበር። በመስከረም 23 ቀን 1952 በአንድ ቀን ካስቀረጻቸው የመጨረሻ ዘፈኖቹ መካከል እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቅበት «አታላይ ልብሽ» ይገኛል። ዘፈኑ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው።

የሌሊቱ ጉዞ

በታኅሣሥ መጨረሻ ሐንክ በዌስት ቨርጂኒያ በቻርልስተን፣ በማግሥቱም በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ዕለት በኦሃዮ በካንተን ከተማ ሊዘፍን ውል ነበረው። የኮሌጅ ተማሪ የሆነ ወጣት በሰማያዊ ካዲላክ መኪና ይዞት ከሞንትጎመሪ ተነሣ። ከኖክስቪል በአውሮፕላን ቢነሡም በአየሩ ክፋት ተመለሱ፤ የቻርልስተኑም ዝግጅት ቀረ። በኖክስቪል ሆቴል ሳለ አንድ ሐኪም ሞርፊን የተቀላቀለበት መርፌ ወጋው። የሆቴሉ ሠራተኞች ደግፈው ወደ መኪናው አስገቡትና በሌሊት ወደ ካንተን ጉዞ ቀጠሉ።

ከብዙ ሰዓት በኋላ ኦክ ሂል በተባለች የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ወጣቱ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላ ሲመለከት፣ ሐንክ በድን ሆኖ አገኘው። ጥር 1 ቀን 1953 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ የልደት በዓላችን ሊከበር 6 ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ለሞቱ ምክንያት የልብ ድካም መሆኑን መዘገቡ። በዚያን ሰሞን በገበያ ላይ የነበረው ሸክላው፣ ከዚህ ዓለም በሕይወት እንደማይወጣ በቀልድ የሚናገረው ዘፈን ነበር።

በካንተን ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ይጠብቅ ነበር። መርዶው ሲነገር፣ ሐንክ በዝግጅቶቹ መቅረት የታወቀ ስለነበረ አንዳንዶች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሌሎቹ ዘፋኞች ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ብርሃኑን አየሁ»ን መዘመር ሲጀምሩ ግን ሣቁ ጠፋ፤ ሕዝቡም ተቀብሎ ዘመረ። እርሱ ሊዘምረው ያቃተውን ሌሎች ዘመሩለት።

ቀብሩና ከዚያ ወዲህ

ጥር 4 ቀን በሞንትጎመሪ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ወደ 20,000 የሚገመት ሕዝብ ተገኘ፤ ወደ አዳራሹ ለመግባት የቻለው ግን ከ3,000 አይበልጥም። ጥቁር አሜሪካውያን በዘመኑ ልማድ በሰገነቱ ላይ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ሆኖም የጥቁሮች የዝማሬ ቡድን ከነጮቹ ዝነኞች ጋር በአንድ መድረክ በአስከሬኑ ፊት ዘመረ። የሩፈስ ፔይን ወገኖች ደቀ መዝሙራቸውን በዜማ ሸኙት ብንል አናጋንንም።

ከቀብሩ በኋላ በ2ኛው ቀን፣ ማለትም በእኛ የልደት ዋዜማ፣ ሐንክ ቦቢ ጄት ከተባለች ሴት የጸነሳት ሴት ልጅ ተወለደች። ሐንክ ከመሞቱ በፊት የሕፃኗን አስተዳደግ በሚመለከት ውል ፈርሞ ነበር። እናቱ ሊሊም ልጅቷን በማደጎ ተቀበሉ፤ ነገር ግን በ1955 እርሳቸውም ስለሞቱ ሕፃኗ አባቷን ሳታውቅ በሌላ ቤተሰብ አደገች። በ1980ዎቹ በፍርድ ቤት ልጅነቷ የታወቀላት ይህች ሴት ጄት ዊሊያምስ ናት፤ እርሷም እንደ አባቷ ዘፋኝ ሆናለች። ወንድሟ ሐንክ ጁኒየርም እንዲሁ።

የሐንክ የሸክላ ዘመን 6 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ከ10 የሚበልጡ ዘፈኖቹ በአንደኛ ደረጃ ተቀምጠዋል። በ1961 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከተመረጡት 3 ሰዎች አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ሌላው ፍሬድ ሮዝ ናቸው። በ1962 ዓይነ ስውሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሬይ ቻርልስ የሐንክን ዘፈኖች በራሱ ስልት ሲዘፍናቸው፣ ከጥቁር መምህር የተገኘው ስጦታ ወደ ምንጩ የተመለሰ መሰለ። በ2010 ደግሞ የፑሊትዘር ሽልማት ኮሚቴ በልዩ የክብር መግለጫ አስቦታል።

ውድ አንባብያን፣ በመግቢያችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የሐንክ ሕይወት የሚያሳየን፣ ስጦታ ብቻውን ሰውን እንደማያድን ነው። ያጨበጨቡለት ብዙዎች ነበሩ፤ ትኬት የሸጡበትም ብዙዎች ነበሩ፤ ሕመሙን ሊሸከሙ የቀረቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነፍሱን በሚመለከት ፍርድ የእግዚአብሔር እንጂ የእኛ አይደለም፤ ራሱ በሉቃስ ስም እንዳስተማረውም ድንጋይ አናነሣም።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ያ መዝሙር በተወለደበት ሌሊት ብርሃኑን ያየው ሐንክ አልነበረም፤ እርሱ ሰክሮ ተኝቶ ነበር። ያዩት መሪውን ጨብጠው የነቁት እናቱ ናቸው፤ ልጁ የእናቱን ዓይን ተውሶ ዘመረ። በዚህ በዓል ጠላው በሚቀዳበት፣ ዶሮው በሚታደልበት ቤት ሁሉ፣ በሣቅና በጨዋታው መካከል በልቡ የተኛ ወይም የቆሰለ አንድ ወንድም አይታጣም። ብርጭቆውን ደጋግሞ የሚሞላለት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መንገዱን ነቅቶ የሚጠብቅለት፣ እርሱ ለማየት ሲሳነው ብርሃኑ መቅረቡን የሚነግረው ዘመድ ነው።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።